የሰብል እርሻ ጋዝ በመቶኛ ሲታይና በቶን ሲመዘን

ነጋዴ የሁለት ሱቆችን ትርፍ በመቶኛ ብቻ አወዳድሮ ገንዘቡን አያወጣም፤ የሽያጩን መጠንም ይጠይቃል። የየአገሩ የሰብል እርሻ ወደ አየር የሚለቀው በካይ ጋዝ ሲነጻጸርም ይኸው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ጠቅላላ ልቀት፣ ሁሉም ጋዞች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው፣ 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶታል። የሰብል እርሻ ድርሻ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ ነበር። የእንስሳት ሀብት 65 ሚሊዮን፣ የደን መመናመን 55 ሚሊዮን ቶን ይዘዋል።

በአሜሪካ በ2022 ከእርሻና ከግጦሽ አፈር የወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ከአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በቶን ሲመዘን ግን ከ250 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህም ኢትዮጵያ በ2010 ከሁሉም ዘርፎች ከለቀቀችው ይበልጣል። የአሜሪካ መቶኛ ያነሰው የኃይል ማመንጫው፣ የተሽከርካሪውና የፋብሪካው ጭስ ስለሚበዛ እንጂ እርሻው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም።

ማዳበሪያና ውኃ

የጋዙ ምንጭም ከአገር አገር ይለያያል። ማሳ ላይ ከተበተነ ዩሪያ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን በከፊል ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለወጣል። የዚህ ጋዝ 1 ቶን በ100 ዓመት ስሌት ከ273 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል። በቬትናም ግን ዋናው ጉዳይ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ የሚለቀው ሚቴን ነው። የአገሪቱ መንግሥት በ2023 ያጸደቀው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ በሜኮንግ ዴልታ 1 ሚሊዮን ሄክታር ጥራት ያለውና ልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሩዝ ለማልማት ያለመ ነው። ከዘዴዎቹ አንዱ ማሳውን እያፈራረቁ ማድረቅ ነው።

ሒሳቡ በየትኛው መዝገብ?

የሰብል መዝገብ ሁሉንም አይዝም። የትራክተሩ ናፍጣ በኃይል ዘርፍ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካው ጋዝ በኢንዱስትሪ፣ ለእርሻ የተመነጠረው ደን ደግሞ በመሬት አጠቃቀም ሥር ይመዘገባል። ማዳበሪያ ከውጭ የምታስገባ አገር የፋብሪካው ጋዝ የሚቆጠረው በአምራቹ አገር ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2025 ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተዋዋለችበት፣ በጎዴ የሚገነባውና በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ልቀቱ ወደ ኢትዮጵያ ሒሳብ ይዞራል። ማሳው ላይ ግን አንዳች ለውጥ ላይኖር ይችላል።

ደኑም እንዲሁ ነው። ስትራቴጂው ከደን ዘርፍ ልቀት ግማሽ ያህሉ ደን ወደ እርሻ መሬት በመለወጡ የመጣ መሆኑን አመልክቷል። ይህ ወደ ሰብል ሒሳብ ቢዞር 8 በመቶ የነበረው ከ25 በመቶ በላይ ይሆናል።

ለገበያው የሚከብደውም ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ የሚተገበርበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ከታኅሣሥ 2020 መጨረሻ በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። የአውሮፓ ገዢ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ እንጂ የኢትዮጵያን ጠቅላላ መቶኛ አይጠይቅም። ስለዚህ ከገበሬው እስከ አቅራቢና ላኪ ድረስ ማስረጃውን ከወዲሁ ያሰባሰበ ይቀድማል። ያላሰባሰበ ግን የአገሩ ልቀት የቱንም ያህል አነስተኛ ቢሆን ቡናው መጋዘን ውስጥ ሊቀርበት ይችላል።