ቀን በባንክ፥ ማታ በመጽሔት

ቀን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ ውሎ ማታ በፋኖስም በአምፑልም ሥር ስንኝ የሚቋጥር ወጣት በአገራችን ጥቂት አይደለም። «ይህ የቢሮ ሥራ ባይኖርብኝ ኖሮ ስንት በጻፍሁ!» የሚለውን ምሬት ከጓደኛው አፍ ያልሰማ አንባቢ ያለም አይመስለኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የባንክ ጸሐፊ ኑሮ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤልየት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልየት በ1888 በአሜሪካ በሴይንት ሉዊስ ከተማ ተወልዶ፥ በሃርቫርድ ፍልስፍና ተምሮ፥ በእንግሊዝ አገር የቀረ ሰው ነበረ። አስቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ማስተማሩ ግን ጉልበቱን ስለ ጨረሰበት በመጋቢት 1917 ሎንዶን በሚገኘው በሎይድስ ባንክ ተቀጠረ፤ መነሻ ደመወዙም በዓመት 120 ፓውንድ ነበረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ጋር የነበረውን የቀድሞ ዕዳ የሚመለከቱ ሰነዶች በእርሱ እጅ ያልፉ ነበር። ክፍሉ ከመንገዱ በታች ነበረ፤ ከራሱ በላይ ያለው የመንገዱ ወፍራም መስተዋት ስለ ሆነ፥ የአላፊ አግዳሚው ተረከዝ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይሰማል። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፥ ጃንጥላውን ይዞ ሲሄድ ያየው ሰው ከሌሎቹ የባንክ ጸሐፊዎች አይለየውም።

በ1921 መከር ወራት ላይ ግን ሰውነቱም መንፈሱም ደከመ። ሚስቱ ቪቪየን ዘወትር ታማሚ ነበረች፤ የቤቱ ጭንቀት ከመሥሪያ ቤቱ ጭንቀት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሐኪም ዕረፍት አዘዘለት፤ ባንኩም የሦስት ወር ፈቃድ ሰጠው። በመጀመሪያ ማርጌት ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፥ ቀጥሎም ወደ ስዊስ ወደ ሎዛን ሄደ። ስሙን በዓለም ያስጠራውን «ባድማው ምድር» የተባለውን ረዥም ግጥም በረቂቅ የጨረሰው በዚሁ የሕመም ፈቃድ ነው።

ሲመለስ ያረፈ እንዳይመስላችሁ። የጋዜጣ ባለሀብት ሚስት የነበሩት ሌዲ ሮዘርሚር ገንዘብ አውጥተውለት «ክራይቴርየን» የተባለውን በየሦስት ወሩ የሚወጣ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በጥቅምት 1922 ጀመረ። ግጥሙም በዚሁ በመጀመሪያው ቁጥር ታተመ። ለአዘጋጅነቱ ደመወዝ አልተቀበለም። ከባንክ ሲወጣ ቤቱ የሚጠብቀው የደራስያን ደብዳቤ፥ የሚታረም የማተሚያ ቤት ወረቀትና ጽሑፉ ለምን እንደ ተመለሰበት የሚጠይቅ ሰው ነው። መጽሔቱ ከጥቂት መቶዎች እምብዛም የማይበልጥ አንባቢ ነበረው፤ ነገር ግን ፕሩስት፥ ቫሌሪ፥ ፒራንዴሎና ቨርጂኒያ ዎልፍ ጽፈውበታል። ወይዘሮ ዎልፍማ በ1923 ያንኑ ረዥም ግጥም በመጽሐፍ መልክ ሲያወጡ ፊደሉን በገዛ እጃቸው ለቅመው ደርድረዋል።

ወዳጁ ኤዝራ ፓውንድ ግን ይህን ኑሮ ማየት አልቻለም። (ስሙ ራሱ ፓውንድ መሆኑ ያስቃል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበረ።) ሠላሳ ሰዎች በየዓመቱ አሥር አሥር ፓውንድ ቢያዋጡ ኤልየት 300 ፓውንድ ያገኛል፥ ከባንክም ነፃ ይወጣል ብሎ በ1922 ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነው። እኔ ግን ፍርዴን ለኤልየት እሰጣለሁ። መዋጮ ዛሬ ሞልቶ ነገ ይጎድላል፤ የታመመች ሚስት ያለችው ሰው ደግሞ በወዳጆቹ መልካም ፈቃድ ሊያድር አይችልም። ዕድሜ ልክ የሚጸና ዋስትና ካልተገኘ ሥራውን እንደማይለቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር አንድ የሊቨርፑል ጋዜጣ፥ ኤልየት 800 ፓውንድ ተዋጥቶለት ገንዘቡን ተቀብሎ ከባንኩ አልወጣም ብሎ ጻፈ። ሐሰት ነበረ፤ ጋዜጣውም ማስተባበያውን አተመ። ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለው ወሬ ከሕመም የከፋ መሆኑን ቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1925 ባንኩን ተወ። የሄደውም ወደ ነፃ ኑሮ ሳይሆን ፌበርና ግዋየር ወደ ተባለው አሳታሚ ድርጅት ነው፤ ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሶ፥ በሌላ ጠረጴዛ የሌሎችን ባለቅኔዎች ረቂቅ ሲመረምር ይውል ጀመር። መጽሔቱን እስከ ጥር 1939 ድረስ አዘጋጅቶ፥ ሌላ ጦርነት ሲቃረብ ዘጋው። የኖቤል ሽልማት በ1948 ሲሰጠውም፥ በ1965 ሲሞትም የዚያው አሳታሚ ድርጅት ባልደረባ ነበረ።