ከፎገራ ኩሬ የተረፈ አሳ እንዴት ይታከማል?

ክረምቱ አልፎ የጉማራና የርብ ሙላት ሲጎድል፣ ከሐሙሲት እስከ ወረታ በተዘረጋው ሜዳ አሳ የቀረበት ኩሬ አይጠፋም። አምባዛ ከአየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ጭቃ ውስጥም ይሰነብታል። ነጭ አሳና ቆሮሶ ግን ኩሬው እየሞቀ ሲሄድ ይታፈናሉ። አንዱን አውጥቶ በመስታወት ገንዳ ሊያኖር የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረከበው በሽተኛ ነው፤ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ክንፉ የተቀደደ፣ ስንጥቡ ያለ እረፍት የሚርገበገብ።

ሕክምናው ከውኃው ይጀምራል። አሳ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነው። ከስንጥቡ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪባዙ ሳምንታት ይወስዳሉ። እስከዚያ ድረስ ምግቡን መቀነስና ከውኃው ከፊሉን ቶሎ ቶሎ መቀየር ከየትኛውም መድኃኒት ይቀድማል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለው ስንጥብ ስለሚጎዳ፣ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ማሳደር ወይም ክሎሪን ማርከሻ መጨመር ያስፈልጋል። የጣና ዙሪያ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለታመመ አሳ የአየር ፓምፕ የግድ ነው።

ቀጥሎ ቁስሉ ይታያል። መረብ ውስጥ የታገለ አሳ ልጋጉም ቅርፊቱም ይገፈፋል። የአሳ ደም ከጨው አልባ ውኃ ይልቅ ጨዋማ በመሆኑ፣ በተላጠው ቦታ ውኃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጨው ደግሞ ያመልጣል። በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ግራም የገበታ ጨው ቀስ በቀስ መጨመር ይህን ጫና ያቀልለታል። ቁስሉ ላይ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለ ሳፕሮሌግኒያ የተባለው ሻጋታ ገብቷል። የክንፉ ጠርዝ ነጥቶ እየተበላ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ባክቴሪያ ነው።

በአኳሪየም ባለቤቶች ዘንድ በጣም የታወቀው በሽታ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ጥገኛ ተውሳኩ ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። የሚሞተው ከአሳው ወርዶ፣ ተራብቶ፣ ሌላ አሳ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ከቀናት በኋላ በሽታው ብሶ ያገኘዋል።

ጣና የራሱ ተውሳኮችም አሉት። ሊጉላ የተባለው ጥብጣብ ትል በሐይቁ ትንንሽ ነጭ አሳዎች ሆድ ውስጥ አድጎ ያሳብጣቸዋል፤ እንዳይዋለዱም ያደርጋል። ኮንትራሲኩም የተባለው ክብ ትል ደግሞ በቆሮሶና በአምባዛ ይገኛል። ሁለቱም አሳ በሚበሉ ወፎች አማካይነት የሚዘዋወሩ ናቸው፤ ጨው አይበግራቸውም። በብርብራ ዘር የደነዘዘ አሳም የተለየ ጉዳይ ነው። በዘሩ ያለው ሮቴኖን ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ፣ ተስፋው ፈጥኖ ወደ ንጹሕና አየር ወደሚነፋበት ውኃ መዛወር ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም አንድን አሳ ማደንዘዝና ቀዶ ማከም የተለመደ እየሆነ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሜልቦርን፣ ጆርጅ የተባለ ወርቃማ አሳ ማደንዘዣ ያለበት ውኃ በአፉ እየተንቆረቆረለት ከራሱ ላይ ዕጢ ወጥቶለታል። በኢትዮጵያ የአሳ ጤና ጥናት ያተኮረው ለምግብ በሚውለው ላይ ነው። ይሁንና በባሕር ዳር ያለው የአሳና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለሐሙሲት ሰው ሩቅ አይደለም።

የዳነውን አሳ ወደ ጉማራ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ግን ቆም ማለት አለበት። ከገበያ ከተገዛ ጌጠኛ አሳ ጋር አብሮ የኖረ ወይም በአንድ ጭልፋ መረብ የተነካ ከሆነ፣ ወንዙ የማያውቀውን በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ የሚወጡት ትልልቆቹ ነጭ አሳዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ዝርያዎች ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በመረብ ሳቢያ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ስለዚህ ከሌላ አሳ ጋር የተቀላቀለ በሽተኛ ቢድንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በገንዳው ይኑር፤ የገንዳው እጣቢም ወደ ቦይ ሳይሆን ከውኃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።