መግቢያም መውጫም የሆነውን ምን እንበለው?

የትራንስፖርት አፕ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ይህችን ችግር ሳያገኛት አይቀርም። የባቡርና የአውቶቡስ መረጃ የሚሰራጭበት ጂቲኤፍኤስ የሚባል አሠራር አለ። እዚያ ውስጥ የቦታው ዓይነት በቁጥር ይለያል፤ 0 መሳፈሪያ ነው፣ 1 ጣቢያ ነው፣ 2 ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛው ራሱ አንድ ቃል አጥቶ «መግቢያ/መውጫ» ብሎ በእዝባር ከፍሎታል። ኦፕን ስትሪት ማፕ ደግሞ ይባስ ብሎ «መግቢያ» በሚል መለያ ሥር «መውጫ» የሚል ዋጋ ያስቀምጣል። መግቢያ እኩል ይሆናል መውጫ! እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ለምደነው ነው እንጂ ያስቃል።

ይህንኑ ስተረጉም ጓደኞቼ «ምን ያስጨንቅሃል፣ መግቢያ በለውና እለፍ» አሉኝ። አልዋጥልህ አለኝ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከጎንደር ዋሽንግተን የመጡ እናት ከምድር ባቡሩ ወርደው ወደ ላይ መውጣት ሲፈልጉ ስልካቸው «ወደ መግቢያ ለ ይሂዱ» ቢላቸው ምን ያደርጋሉ? ተመልሰው ወደ ውስጥ ነዋ!

ጃፓኖች ጣቢያቸው ላይ «ዴኢሪጉቺ» ብለው ይጽፋሉ፤ የመውጫና የመግቢያ አፍ እንደማለት ነው። መውጣቱ ቀድሟል። እኛም ስናወራ እንደዚያው ነን፤ «በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ» እንላለን፣ «ወጪ ገቢው በዛ» እንላለን። («መግቢያ መውጫ አሳጣኝ» የሚለውን ሳልረሳ።) ምልክት ላይ ስንጽፍ ግን «መግቢያና መውጫ» ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉን ከእንግሊዝኛ የወሰድነው ይመስለኛል።

ሌሎች ቃላትም ሞክሬአለሁ። «መተላለፊያ» ኮሪደር ነው፣ «መሻገሪያ» ድልድይ ወይም ዜብራ። «ደጅ» ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ቤት ያለ ሰው «ደጅ ወጣሁ» ሲል ውጪ ማለቱ ነው፣ ደጅ የሚጠናው ደግሞ ውጪ ቆሞ መግባትን የሚጠብቅ ነው። ቃሉ ሁለቱን ሰዎች ይለያያቸዋል እንጂ አያገናኛቸውም። በግዕዝ «አንቀጽ» በር ማለት ነው። ዛሬ አማርኛችን ለሕግ ሰጥቶታል፤ «ወደ አንቀጽ 39 ይሂዱ» የሚል አፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ ያውም እሱ መውጫ ብቻ ነው።

ዞሮ ዞሮ «በር» ላይ ቆምኩ። «በር እኮ የሚዘጋ ነገር ነው፣ የምድር ባቡር ደረጃ ምን በር አለው?» የሚሉኝ አሉ። የሚዘጋው መዝጊያው ነው፤ በር ክፍተቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የምታልፉት ጣርማ በር ምን ሳንቃ አለው? ወጪም ወራጅም በዚያው ነው የሚያልፈው። የሐረር ጀጎል ጥንታዊ በሮች 5 ናቸው፤ ሸዋ በርና ኤረር በር ስማቸውን ያገኙት ወደሚወስዱበት አቅጣጫ ነው፣ የሚገባውም ግን በዚያው ይገባል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት፤ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር እየተባሉ በባለጉዳዩ ተጠሩ እንጂ መግቢያና መውጫ ተብለው አልተከፈሉም።

ለስክሪንም ይመቻል። «መግቢያ/መውጫ» ትንሽ ስልክ ላይ መሀል ላይ ተቆርጦ «መግቢያ/መ...» ሆኖ ይቀራል፣ «በር ለ» ግን ሙሉውን ይነበባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ላይ «መውጫ ብቻ» ብሎ መጨመር ነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ፤ የአውቶቡሱም በር «በር» ነው። «በኋላው በር ይውረዱ» እና «በበር ለ ይውጡ» ተከታትለው ሲመጡ ያደናግራሉ። ለጊዜው «የጣቢያው በር» እያልኩ ነው።