ከእትብት ደም የተነበበ

ወሯ የገፋ ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ትንሽ ቦርሳ አዝላለች። ውስጡ ያለው ፓምፕ አየር ይስባል፤ የመሳቢያው ጫፍ አፍንጫዋ አካባቢ ስለሆነ የሚወስደው እሷ የምትተነፍሰውን ያንኑ አየር ነው። ገበያ ስትወጣም፣ ባቡር ስትጠብቅም፣ ወጥ ስትሠራም ከጀርባዋ አይወርድም። ማታ ስትተኛ ከአልጋዋ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። 48 ሰዓት ሲሞላ ማጣሪያው ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ስትወልድ ደግሞ ከእትብቱ ደም ይቀዳል።

ይህን ሥራ የመሩት በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፍሬደሪካ ፔሬራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙት የሕፃናት አካባቢ ጤና ማዕከል በሰሜን ማንሃታንና በደቡብ ብሮንክስ የሚኖሩ ከ700 በላይ እናቶችን ከእርግዝናቸው ጀምሮ፣ ልጆቻቸውንም ለዓመታት ተከታትሏል። እናቶቹ ጥቁር አሜሪካውያንና የዶሚኒካን ተወላጆች ናቸው፤ ሲጋራ የሚያጨሱ አልተካተቱም።

ፔሬራ ወደዚህ የገቡት ሳያስቡት ነው። የመጀመሪያ ጉዳያቸው ካንሰር ነበር። ብክለት በሰው ዲኤንኤ ላይ የሚተወውን ምልክት ለመለካት ሲሞክሩ፣ ማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹሕ ናሙና አስፈለጋቸው። ገና ከተወለደ ልጅ የበለጠ ንጹሕ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እንግዴ ልጅና የእትብት ደም አስመረመሩ። ምልክቱ እዚያም ተገኘ። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል ብለው ጠየቁ፤ አልተሳሳተም። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ማኅፀንን ምንም የማይገባበት ምሽግ አድርገን ስናስብ ኖረናላ።

የሚገባው ምንድን ነው? ናፍጣ፣ የድንጋይ ከሰል ወይም እንጨት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። በጥቃቅን ብናኝ ላይ ተሳፍረው ሳንባ ይገባሉ፤ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋሉ። እዚያም ዲኤንኤ ላይ ይለጠፋሉ። ለጽንሱ የሚደርሰው መጠን እናቱ ከምትወስደው አንድ አሥረኛ ገደማ ቢገመትም፣ ዲኤንኤው ላይ የሚገኘው ልጣፍ ከእናቱ ጋር የተቀራረበ ነው። ገና እየተሠራ ያለ ገላ ጉዳቱን እንደ አዋቂ አያጥብም፣ አይጠግንም።

ልጆቹ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በ249ኙ ላይ የአእምሮ ብቃት መለኪያ ፈተና ተደረገ። በእርግዝና ወቅት እናቶቻቸው ብዙ ብክለት የተነፈሱ ልጆች ከሌሎቹ በአማካይ 4 ነጥብ ያህል ዝቅ ብለው ተገኙ። በአንድ ልጅ ላይ የሚነገር ፍርድ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ልጆች ሁሉ ላይ ሲደመር ግን ክፍል ውስጥ የሚታይ ልዩነት ነው።

ነገሩ የኒው ዮርክ ብቻ እንዳይመስለን። እነዚሁ ውህዶች ከእንጨትና ከኩበት ጭስም ይወጣሉ። እንጀራ የሚጋገርበትን ማድ ቤት ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ጥቀርሻው እንዴት እንደተንጠለጠለ ያውቃል። ነፍሰ ጡሯ ከምጣዱ ሥር ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ያ ጥቀርሻ መጀመሪያ ያለፈው በእሷ ሳንባ ነው። የሚጨስበትን ክፍል መስኮት ማስፋት፣ ጭሱን በጭስ ማውጫ ማስወጣት፣ ሲቻል በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር፣ ለእኔ ከእርግዝና ክትትል ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከፔሬራ ሥራዎች ሁሉ በጣም የምወደው ቻይና ውስጥ የተሠራው ነው። በቾንግቺንግ፣ በቶንግሊያንግ የነበረው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ቡድናቸው ከመዘጋቱ በፊት በ2002 የተወለዱትንና ከተዘጋ በኋላ በ2005 የተወለዱትን ልጆች አነጻጸረ። በኋለኞቹ የእትብት ደም ውስጥ ልጣፉ ቀንሶ ተገኘ። በፊተኞቹ ላይ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው፣ ልጣፉ የበዛባቸው በእንቅስቃሴ እድገታቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ በተወለዱት ላይ ይህ ዝምድና አልታየም።