ማውሱ ያረፈበት ካርታ

ሃርትስቶን የካርታ ጨዋታ ነው። ሜዳ ላይ የወረደ ካርታ ሥዕሉና ሁለት ቁጥሮች ይቀሩለታል እንጂ ምን እንደሚሠራ የሚናገረው ጽሑፍ አይታይም። ትዊች በተባለው የቀጥታ ሥርጭት መድረክ ጨዋታውን የሚከታተል ጀማሪ ድሮ ቻት ላይ «ይሄ ካርታ ምንድን ነው?» ብሎ መልስ ይጠብቅ ነበር። አሁን ማውሱን ካርታው ላይ ያሳርፋል፤ ሙሉ ካርታው ከጎን ብቅ ይላል። ማውሱን ዞር ሲያደርገው ይጠፋል።

ይህን የሚሠራው ኤክስቴንሽን የሚባል፣ ትዊች ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ትዊች ኤክስቴንሽኖችን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቪዲዮው የትኛው ካርታ የት እንዳለ አያውቅም፤ ምስል ነው። ስለዚህ በስትሪመሩ፣ ማለትም ጨዋታውን በሚያስተላልፈው ሰው፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ጨዋታውን እየተከታተለ የካርታዎቹን ዝርዝር ይልካል፤ ተመልካቹ ዘንድ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ ገጽ ቪዲዮው ላይ ተነጥፎ ይቀበለዋል።

ትልቁ ፈተና ጊዜው ነው። ዝርዝሩ ወዲያው ይደርሳል፤ ቪዲዮው ግን ሰከንዶች ይዘገያል። ገጹ የደረሰውን ሁሉ ወዲያው ቢያሳይ፣ ገና ያልወረደ ካርታ ባዶ ሜዳ ላይ ይገለጣል፤ የጨዋታው ልብ ሰቀላም እዚያው ያበቃል። ትዊች ቪዲዮው በስንት ሰከንድ እንደዘገየ ለኤክስቴንሽኑ ይነግረዋል። ጥሩ ኤክስቴንሽን ያንን ያህል ታግሶ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቦታ ነው። ከቪዲዮው በታች የሚቀመጠው ፓነል ወርዱ 318 ፒክስል፣ ቁመቱ ቢበዛ 500 ፒክስል ነው፤ ጠባብ ቢሆንም ማንንም አይጋርድም። ቪዲዮው ላይ የሚወጣው ግን የሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው የሚቆመው። አንዱ ጥግ የስትሪመሩ ፊት ነው፣ ሌላው ጥግ በአንዳንድ ጨዋታዎች አካባቢውን የሚያሳየው ሚኒማፕ፣ ከታች የድምፅ መቆጣጠሪያው። ኮምፖነንት የሚባለው የኤክስቴንሽን ዓይነት የትኛው ጥግ ክፍት እንደሆነ የሚያውቀው ስትሪመሩ ራሱ ቦታውን እንዲመርጥ መተዉ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ለመዝጋትም የሚያስቸግር ሳጥን የቱንም ያህል ቢያምር ተመልካቹን ያባርራል።

ስልክ ላይ ሁሉም ነገር እንደገና ይታሰባል። ጣት እንደ ማውስ አያንዣብብም፤ ወይ ይነካል ወይ አይነካም። ሲነካ ደግሞ ሊያነበው የፈለገውን ካርታ ራሱ ይሸፍነዋል፤ ጽሑፉ ከጣቱ በላይ መውጣት አለበት።