ስለ ቪየና የዳንስ ድግስ

ብዙ ሰዎች ታላቅ የዳንስ ድግስ ለነገሥታትና ለመሳፍንት ብቻ የተዘጋጀ ይመስላቸዋል። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ግን ልማዱ ሌላ ነው። በያመቱ፥ ይልቁንም ብርዱ በሚጸናበት ወራት፥ ከ400 በላይ ድግስ ይደረጋል። ሐኪሞች፥ ኬክ ጋጋሪዎች፥ የቡና ቤት ባለቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድግስ አላቸው። ባለ ቡና ቤቶቹ የሚደንሱበት ሆፍቡርግ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ድረስ የንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት ነበር። ዛሬ በበሩ ላይ የሚጠየቀው ትኬት እንጂ የአባት ስም አይደለም።

ሥርዓቱ ግን ይጠበቃል። ሴት እስከ እግሯ የሚደርስ ቀሚስ ትለብሳለች። በኦፔራ ቤቱ ድግስ ወንድ ሁሉ ከኋላው ጅራት ያለው ጥቁር ፍራክ እንዲለብስ ግዴታ ነው፤ የሌለው ይከራያል። ቫልስ የማይችልም በዳንስ ትምህርት ቤት ይማራል። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ከወጣቶች ጋራ ድግሱን ከከፈቱ በኋላ «ሁላችሁም ቫልስ!» ሲባል ሜዳው የሁሉ ይሆናል።

እርግጥ የኦፔራው ትኬት በመቶ የሚቈጠር ዩሮ ስለሆነ ድኻ አይደፍረውም፤ ዋጋቸው የሚቀንስ፥ ለተማሪም የሚያስቡ ሌሎች ግን አሉ።

እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን ወደማናውቀው አዳራሽ ልንገባ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችን የምንፈራው ሥርዓቱን ባለማወቃችን ነው። ሥርዓት የሚጠና ነገር ነውና፥ ከበሩ አንመለስ።