ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ፦ ከዝሆኔ ሕመም ጋር መኖር

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን በወላይታ ብዙ ቤት ስለሚያውቀው፣ ነገር ግን ብዙ ቤት ስለሚደብቀው አንድ ሕመም እንነጋገራለን። እርሱም በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ነው። ይህ ሕመም አንድ ጊዜ መድኃኒት ተውጦ የሚሰናበቱት አይደለም። ታማሚው ጠዋት ሲነሳ፣ እርሻ ሲወርድ፣ ገበያ ሲሄድ፣ ለሰላት ሲቆም አብሮት ይውላል። ስለዚህ ዋና ጥያቄያችን ቀኑ እንዴት ይያዛል? ቤተሰቡስ ምን ይጠበቅበታል? የሚል ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

እርግማን ነው የሚሉ አሉ። ይተላለፋል ብለው አብረው ከመብላት የሚሸሹም አሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ትል ምክንያት የሚመጣ ሲሆን በቆላማ አካባቢዎች ይገኛል። በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ በብዛት የሚታየው ግን ሁለተኛው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። በዚህኛው ትንኝም ትልም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም ፈጽሞ አይተላለፍም።

መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። ሰው በዚህ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲመላለስ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳው አልፈው ይገባሉ። ከእግር ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ውሎ አድሮም ይዘጓቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን የአፈሩን ነገር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሰፊው አጥንቶታል።

«ታዲያ ጎረቤቴም በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ ለምን እኔን ብቻ ያዘኝ?» የሚል አይጠፋም። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ሰዎች ላይ ባደረጉትና በ2012 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። አፈሩ ካልነካው ተጋላጭ የሆነውም ልጅ ይጠበቃል።

በ2003 (እ.ኤ.አ.) በወላይታ ዞን ላይ የታተመ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አመልክቷል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዞኑ በሕመሙ ምክንያት በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያጣ ገምቷል። የሚታመመው በጉልበቱ የሚያድረው ገበሬና ልጆቿን የምታሳድገው እናት ናቸውና ኪሳራው ቢበዛ አይገርምም።

የየዕለቱ እንክብካቤ

ሕመሙ ሲጀምር እግር ያሳክካል፤ ሌሊት የማቃጠል ስሜት ይሰማል፤ እብጠቱ ይመጣል ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የተያዘ እግር ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። የቆየውም ቢሆን በእንክብካቤ ይቀንሳል፤ ሽታው ይጠፋል፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ይመለሳል። እንክብካቤው በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

አንደኛ፦ እግርን በንጹሕ ውሃና በሳሙና በሳፋ ውስጥ በደንብ ማጠብ፣ በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ያለውን ሁሉ ማጽዳት። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ ይታዘዛል፤ መጠኑን ግን ከጤና ባለሙያ ተቀበሉ፤ ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል።

ሁለተኛ፦ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ማድረቅ፤ በተለይ የጣቶችን መካከል።

ሦስተኛ፦ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት። የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም የተከፈተ በር ነው።

አራተኛ፦ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትንና ጣቶችን ማንቀሳቀስ፣ ባለሙያ ካዘዘ በፋሻ ማሰር።

አምስተኛ፦ ንጹሕ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ። ሸበጥ ከእሾህ ያድን እንደሆነ እንጂ ከአፈር አያድንም። ጫማን ለገበያና ለዒድ አስቀምጦ እርሻ በባዶ እግር መውረድ ደግሞ ነገሩን መገልበጥ ነው፤ ጫማ ይበልጥ የሚያስፈልገው አፈሩ ያለበት ቦታ ነው።

ብዙዎችን የሚያሰቃየው በየጊዜው የሚነሣው ሕመም ነው፤ እግር ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ሰው ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ያን ጊዜ ማረፍ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ውሃ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ማሸት፣ መተኮስና መብጣት ጉዳቱን ያብሳል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህን የመሰለ እንክብካቤ የሕመሙን መነሣት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለ ውዱእና ሰላት

አንዳንዶች «እኛ በቀን አምስት ጊዜ እግራችንን እንታጠባለን፤ ምን ቀረን?» ይላሉ። ውዱእ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ለዚህ ሕመም ሳሙና ያለውን የቀኑን እጥበት አይተካም። ከውዱእ በኋላ ያልደረቀ እግር ካልሲ ውስጥ ሲገባ በጣቶች መካከል ፈንገስ ያበቅላል። በፎጣ ማድረቅ ውዱእን አያበላሽም፤ ስለዚህ አድርቁ። ከውዱእ ቦታ እስከ መስጂዱ በር ግቢው አፈር ከሆነ ደግሞ እርጥብ እግር አፈሩን ለቅሞ ይገባል። ግቢውን ድንጋይ ማንጠፍ ወይም በመታጠቢያው ጫማ ማዘጋጀት ለጀመዓው ቀላል ሥራ ነው።

ውሃ ቁስሉን የሚጎዳው ሰው በፋሻው ላይ ማበስ፣ ይህም ካልሆነለት ተየሙም ማድረግ ተፈቅዶለታል፤ ተየሙምም ፊትንና እጅን እንጂ እግርን አይነካም። መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል፤ እግሩን ማጠፍ ያመመው እንደተመቸው ይቀመጥ። ሕመሙ ተነሥቶበት መጾም የሚጎዳው ሰው አፍጥሮ ሌላ ጊዜ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ከአላህ የተሰጠ ማቅለያ ነውና ሊታፈርበት አይገባም።

የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ

ሽታውን ፈርተው ከሶፍ የቀሩ ወንድሞች፣ ከሠርግና ከለቅሶ የቀሩ እህቶች አሉ። ሽታው የሚመጣው በእጥፋቱ ውስጥ ከሚራቡ ጀርሞች ነው፤ በእጥበት ይሄዳል። በመገለል የመጣ ሐዘን ግን በሳሙና አይለቅም። «ቤተሰባቸው ዝሆኔ አለበት» ብሎ ኒካሕ መከልከልም ትክክለኛ መሠረት የለውም፤ የሚወለዱት ልጆች ጫማ ካደረጉ ይጠበቃሉና። በቤት ውስጥ ውሃ የሚቀዳለት፣ ሳሙና የማይጎድልበት፣ ከማዕድ የማይለይ ታማሚ እንክብካቤውን አያቋርጥም። ብቻውን የተተወ ግን በሳምንቱ ይሰለቻል።

እገዛም አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሶዶ ሥራውን የጀመረው ሞሲ ፉት የተባለ ድርጅት እግራቸው የተሻላቸውን ታማሚዎች አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያስተምሩ ያደርግ ነበር፤ ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማም ያሠራ ነበር። መንግሥትም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሕመም ትኩረት ከሚሹ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ በቅርባችሁ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን እግር እዩ። ጫማ የሌለው ካለ ከሌላው ወጪ በፊት ጫማው ይቅደም። በቤታችሁ የሚታመም ካለ ደግሞ ሳፋውን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሙትም ትዕግሥቱን ይስጣቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።